የዓርብ ኦፍ

ዱባይ ከገባሁ በኋላ ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ቀድሜ የኔ ያደረግኩት «ኦፍ»ን ነው። አላውቀውም ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሲበራ ኦን፣ ሲጠፋ ኦፍ፣ በቃ፣ እውቀቴ ይኸው ነበር። ኤጀንሲው ቢሮ ውስጥ ተደርድረን ተቀምጠን፣ ማዳሞች እየገቡ ከእግር እስከ ራሳችን ሲያዩን፣ አጠገቤ የነበረችው ልጅ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ሁለተኛ ኮንትራቷ ስለሆነ ሁሉን አዋቂ ነበረች። «ስንት ልጅ አላቸው፣ ቤቱ ስንት ክፍል ነው እያልሽ አትድከሚ፤ ኦፍ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ» አለችኝ። «የምን ኦፍ?» ስላት «በስመ አብ! ይቺማ ገና ከፕላስቲኳ አልወጣችም» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ማዳም እኔን ስትመርጥ ታዲያ አፌን ሞልቼ «ማዳም፣ ኦፍ?» አልኳት። ሳቀች። «ፍራይዴይ» አለችኝ። ያቺ አንዲት ቃል ምን ያህል ከባድ እንደሆነች የገባኝ አል ባርሻ ካለው ቪላቸው ገብቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከርሜ፣ ዓርብ ጠዋት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከበሩ የወጣሁ ዕለት ነው። እኛ እዚያ አገር ያለን ሴቶች ስንተዋወቅ ባል አለሽ ወይ፣ አገርሽ የት ነው አንባባልም። «ኦፍ አለሽ?» ነው ጥያቄው። አለኝ ካልሽ ወንበር ይሳብልሻል። የለኝም ካልሽ ደግሞ ሁሉም ከንፈሩን ይመጥና አንዷ «አይዞሽ፣ እሱ ያውቃል» ትላለች፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደመጣሽ።

ማዳም ግን ኦፍን እንደ ጨው ነው በየነገሩ ላይ የምትነሰንሰው። «ኤሲ ኦፍ!» ትላለች፤ እሺ፣ አጠፋለሁ። ልጇ ከትምህርት ቤት ስትገባ «ሹዝ ኦፍ!» ትላለች፤ አውልቂ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ወተቱን ከፍሪጅ አውጥታ አሸተተችና ፊቷን አጨማዳ «ኦፍ» አለች፤ ተበላሽቷል ማለቷ ነው። እኔን የሚያናድደኝ የደወሉ ነገር ነው። የጠዋት ደወል ቤቱን ቀውጢ አድርጎ ሲጮህ «አላርሙ ኦፍ ሄደ» ይላሉ። ኧረ ጉድ! ጮኸ እኮ ነው! ጠፍቶ ቢሆንማ እኔ ሚስኪኗ በተኛሁ! እንግሊዝኛ የሚባለው ቋንቋ ዋላሂ አይታመንም።

ከኦፎች ሁሉ የምፈራው ግን የስልክን ነው። የጓደኛሽ ስልክ አንድ ቀን ኦፍ ቢሆን ባትሪ ዘግቶባት ነው ትያለሽ። ሳምንት ሲሆን ግን በየሰዓቱ መደወል ትጀምሪያለሽ። ማዳሟ ቀምታት ይሆን? አገሯ ሸኝተዋት ይሆን? ታማ ይሆን? እንዲህ ስልካቸው ኦፍ እንደሆነ የቀሩ ልጆች አሉ፤ ቁጥራቸውን እስካሁን አላጠፋሁም።

የኛ ኦፍ አጅማን ነበር የሚዋለው። ሦስት ሆነን አንዲት ቤድ ስፔስ ተከራይተን ነበር። ቤድ ስፔስ ስላችሁ ክፍል እንዳይመስላችሁ፤ የተደራራቢ አልጋ የታችኛዋ ፍራሽና መጋረጃዋ ናት። ማናችንም አናድርባትም፣ ሁላችንም የምናድረው አሠሪዎቻችን ቤት ነው። ግን ሰው በሳምንት አንዴ እንኳ «ቤቴ» ብሎ ቁልፍ አዙሮ የሚገባበት፣ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ነገር ያስፈልገዋል። አጅማን የመረጥነው ርካሽ ስለሆነ ነው። ርቀቱ አይነሳ፤ የኦፌ ግማሽ አውቶቡስ ላይ ነበር የሚያልቀው።

ከሦስታችን አንዷ አል ሪጋ ካፌ ውስጥ የምትሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ የካፌዋ እንበላት፣ ስሟን ብጽፍ ትገለኛለች። ሁለተኛዋን ሁላችንም አክስቴ ነበር የምንላት፤ በሥጋ የማንም አክስት አይደለችም። ጎጃሜ ናት፣ ሻርጃ አንድ ቤት ውስጥ ልጆች አሳድጋ አሳድጋ ጉልበቷን የጨረሰች። የመጀመሪያዋ ኦፌ ዕለት ዴራ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ጠፍቼ ቆሜ ሳለቅስ፣ ከኋላዬ «አንች ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ? ምን ሆንሽ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል በአባያዋ ላይ ነጠላ ያጣፋች ሴትዮ። ሌላ ምንም ሳትጠይቀኝ እጄን ይዛ አጅማን ወስዳ አበላችኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ እሷ ኦፍ አላውቅም።

አክስቴ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ኦፍን ግን እንደ አገሯ ቃል ነው የምታረባው። «ኦፋችን ደረሰ»፣ «የዛሬ ኦፍ ሳምንት»፣ «ያች ኦፈ ቢስ እንዴት ከረመች?» ትላለች። አንድ ጊዜ አል ሪጋ ስንዞር የሱቁ መስታወት ሁሉ ላይ ያው ቃል ከዋጋ ቅናሹ ጋር በቀይ ተለጥፎ አየችና ምንድነው አለችን። የካፌዋ «ኦፍ ነው የሚለው አክስቴ» ስትላት፣ አሻንጉሊቱ ላይ ያለውን ቀሚስ ትክ ብላ አይታ «ለጨርቁም ኦፍ ይሰጡታል፣ ለዚያች ጎረቤታችን ቤት ለምትሠራው ልጅ ግን የለም» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ችግራችን አንድ ነበር። ኦፋችን ዓርብ ነው፣ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። አክስቴ በጾም ነገር ቀልድ አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ዶሮ ስንጠብስ፣ የሰው በግ ስንቀቅል ከርመን፣ የራሳችን ቀን ሲመጣ ሽሮና ምስር! የካፌዋማ «እኛን የፈጠረን አምላክ ኦፍ ሲሰጠን ቀኑን ሳያይ ነው» ትል ነበር፤ አክስቴ በማማሰያ ታባርራታለች። በዓለ ሃምሳ ላይ ዓርብም ይበላል እኮ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን በእነዚያ ዓመታት ሃምሳው ቀን ሲመጣ ረመዳንም ተከትሎት ይመጣል፣ በረመዳን ደግሞ ኦፍ የለም፤ ሳምቡሳውን ማን ይጠቅልል?

አንድ ዓመት ብቻ፣ ፋሲካ አልፎ ረመዳን ሳይገባ፣ ሦስታችንም የተገናኘንባት አንዲት ዓርብ ተገኘችልን። በደስታ አጅማን ገባን። አክስቴ ሽንኩርት ከተፈች፣ እኔ ምስሩን ለቀምኩ፣ የካፌዋ ሽሮውን በጠበጠች። በልተን፣ ተመስገን ብለን፣ እጃችንን ልንታጠብ ስንነሳ አክስቴ ሳህኗን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። «ልጆች» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬ እኮ ፍስክ ነው።» ከዚያ የካፌዋ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እኔ በንዴት ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። አክስቴ ግን እጇን እያገላበጠች አይታ «ምን ይደረግ፣ እጃችን መንኩሶ ቀረ» አለች።

ወረርሽኙ ሲመጣ ታዲያ አገር ምድሩ ኦፍ ሆነ። ሜትሮው ቆመ፣ አውሮፕላኑ ቆመ፣ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ። የቆመ ነገር ያልነበረው የኔ መጥረጊያ ብቻ ነው። ማዳም አንድ ጠዋት በጓንት እጇን አወዛወዘችና «ኮሮና። ኖ ኦፍ። ኸላስ» አለችኝ። ሳምንት ሁለት ሳምንት መስሎኝ ነበር። ወደ ሁለት ዓመት ተጠጋ።

ያን ጊዜ ዓርብን በስልክ ነበር የምናከብረው። እኔ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ፣ አክስቴ ሻርጃ ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣች፣ የካፌዋ ካፌው ተዘግቶባት አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ በቪዲዮ እንደዋወላለን። አክስቴ ስልኩን መያዝ ስለማትችልበት ሁልጊዜ የምናየው ግንባሯንና ሰማዩን ነው። የየቤታችንን ጉድ እናወጋለን። የኔዋ ማዳም ትንሿ ልጅ ትምህርቷ በኮምፒውተር ሆኖ ነበርና አንድ ቀን ካሜራውን ኦፍ ማድረግ ረስታ፣ እኔ ከኋላዋ በመወልወያው እንጨት እስክስታዬን ሳወርደው ክፍሉ በሙሉ ሲያየኝ ዋለ። በማግስቱ አንድ ተማሪ መምህሯን «ያቺ የምትጨፍረዋ ዛሬ የለችም?» ብሎ ጠየቀ አሉ። አክስቴ ይህን ስነግራት ከሳቋ ብዛት ስልኩ ወድቆ ሰማዩን ብቻ አየን።

ክትባቱን ከተወጋን በኋላ፣ በሁለተኛው ዓመት መኸር ላይ፣ ኦፍ ቀስ እያለ ተመለሰ። አጅማን ስንገናኝ በማስክ ተሳሳምን፤ ማስክ ለማስክ። ወዲያው ግን የገና ጾም ገባ። ያው ሽሮ። አክስቴ ግን ያን ቀን ፊቷ በርቶ ነበር። ጣቷን እያጠፈች እየዘረጋች ቆየችና «ልጆቼ፣ ገና ዘንድሮ በምን ቀን ይውላል በሉኝ እስቲ?» አለችና ራሷው መለሰችው። «ዓርብ!»

የካፌዋ «ዓርብ ከሆነ ታዲያ አይበላ» ብላ ልታጣጥለው ስትል አክስቴ «ኧረ ወዲያ! ገና ሲውልበት ጾሙ ይሻራል። ቄስ ጠይቂ፣ አንች አላዋቂ!» አለቻት። እውነትም እንደዚያ ነው። ገና፣ ፍስክ፣ ኦፍ፣ ሦስቱ በአንድ ቀን! «ዶሮውን እኔ ነኝ የምሠራው፣ ማንም እጁን እንዳያስገባ» ብላ አወጀች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለና ሌላውን ነገረችን። ልጇ አገር ቤት ልትወልድ ደርሳለች፣ የሻርጃዎቹ ልጆችም አድገዋል፣ ቪዛዋ ኸላስ። አሠሪዎቿ ቲኬት ቆርጠውላታል፤ ለገና ማግስት፣ ቅዳሜ። መጀመሪያ ፍስክ የምናደርግበት ኦፍ የመጨረሻችን ሊሆን ነው ማለት ነው። ደስ አለን ልበል ከፋን፣ ሁለቱም ነበር። የካፌዋ እንኳ ቀልድ አላገኘችለትም።

ከዚያ መንግሥት የዕረፍት ቀኑን ለወጠ። እኔ ኩሽና ቆሜ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከአዲሱ የፈረንጅ ዓመት ጀምሮ ዓርብ ግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ዕረፍቱ ቅዳሜና እሑድ ነው። ማዳም ደስታዋን ይዛ ልታበስረኝ መጣች። «ከእንግዲህ ኦፍሽ እሑድ ነው! አንቺ ክርስቲያን አይደለሽ? ቸርች ትሄጃለሽ» አለችኝ። እንዳስደሰተችኝ እርግጠኛ ነበረች። እውነቷን ነው፣ የኛ ሴቶች ሁሉ እልል ብለዋል። ቅዳሴ የሚደርስበት፣ ሥጋ የሚበላበት ኦፍ! ስንት ዓመት የተጸለየበት ነገር እኮ ነው። ከመላው ዱባይ ያለቀስኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሻርጃ ደግሞ ለብቻዋ ዓርብንም ጨመረች፣ ሦስት ቀን ዕረፍት። የአክስቴ ኦፍ ዓርብ እንደሆነ ቀረ። የካፌዋ ኦፍ እንደ ፈረቃዋ የሚዞር ነው፤ ለበዓል ደንበኛ ይበዛል ተብሎ ያን ሳምንት ጭራሽ ተሰረዘባት። እንግዲህ አስቡት፣ በአንድ አውቶቡስ መስመር ላይ ያለን ሦስት ሴቶች ኦፋችን ሦስት ቦታ ተበታተነ። እኔ እሑድ ስወጣ አክስቴ አገሯ ገብታለች። ካልለመንኩ አላያትም ማለት ነው።

ለመንኩ። ማዳም ሻይ እየጠጣች፣ ፊቷ ደህና የሆነበትን ሰዓት መርጬ «ማዳም፣ ይህችን ዓርብ ብቻ። በዓሌ ነው። አክስቴም አገር ልትገባ ነው» አልኳት። አዘነች፣ አልዋሽም፣ ከንፈሯን መጠጠች። ግን እሷ እስከ ቀትር ሥራ ናት፣ ልጅቷ ዓርብ ቀደም ብላ ትለቀቃለች፣ ማን ይቀበላት? «ሰንዴይ ሙሉ ቀን ውጪ፣ ከፈለግሽ ማታ ግቢ» አለችኝ። «እሑድ ምን ያደርግልኛል፣ እሑድ እሷ የለችም!» ብዬ ጮህኩ፤ በአማርኛ ስለነበር ማዳም ምርቃት መሰላት መሰለኝ «ዌልካም» አለችኝ።

ያን ሳምንት ኩርፊያዬን በድስት ክዳን ነው የገለጽኩት። ያልጋጨሁት ዕቃ የለም። አክስቴ ጋ ደውዬ አለቀስኩ። «አልፈቀደችልኝም፣ በቃ ሳላይሽ ልትሄጂ ነው» አልኳት። እሷ ግን ምንም አልመሰላትም። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። አንች ዝም ብለሽ ሹግልሽን ሥሪ» ብላ ዘጋችው። እንዲህ በቀላሉ! አንጀቴ ተቃጠለ። ይቺ ሴትዮ ቀድማ በልቧ ሄዳለች አልኩ።

የገና ዕለት ጠዋት ማዳምም ባሏ ባባም ወጡ። እኔ ከግቢው ጀርባ ካለችው የውጪ ኩሽና ገብቼ የባባን ካንዱራዎች መተኮስ ጀመርኩ። ካንዱራ የሚባል ነጭ ረጅም የወንድ ቀሚስ ተኩሳችሁ የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ፤ አንዱን መሥመር ስታቃኑት ሌላው ይጨማደዳል። ንዴቴንም አብሬ እየተኮስኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። «በሩን ክፈች» አለች አክስቴ። «የምን በር?» ስላት «የምን በር ይባላል? የናንተን ነዋ! ክንዴ ተገነጠለ!»

ሮጬ የኋላውን በር ከፈትኩ። ቆማለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ማስኳን እስከ ዓይኗ ስባ፣ እቅፏ ውስጥ ድስት። ድስቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፣ ብርድ ልብሱ የጉዞ ካርቶኖቿን ባሸገችበት ቡናማ ፕላስተር ዙሪያውን ታስሯል፤ ክብደቱ እንኳ ቢመዘን ለአውሮፕላን የሚበቃ ይመስል ነበር። ሐሙስ ከሰዓት አሠሪዎቿ ፈቅደውላት አጅማን ስትሠራው አድራ፣ በአውቶቡስ ዱባይ፣ ከዚያ በሜትሮ አል ባርሻ፣ ከዚያ በእግሯ ሰው እየጠየቀች። «ሜትሮው ውስጥ ሽታው አላስያዘሽም?» አልኳት። «ሁሉም አፍንጫውን ሸፍኖ የለ! ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ጨርቅ ጠቀመኝ» አለች።

አቅፌያት ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። «አክስቴ፣ ማዳም ብትመጣ ትልቅ ሙሽኪላ ነው! እንግዳ አይገባም፣ በሽታው እንደገና ተነስቷል፤ ደግሞ ሥራዬ ይኸው ተከምሯል።» የካንዱራውን ክምር አየችው። ነጠላዋን አውልቃ ከምስማሩ ላይ ሰቀለች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ካውያውን ከእጄ ወሰደች።

«ተቀመጭ» አለችኝ።

«ኧረ በማርያም! ኦፍሽ እኮ ነው! የመጨረሻ ኦፍሽ!»

«አዎ፣ ኦፉ የኔ ነው፣ ለፈለግኩት እሰጠዋለሁ። ተቀመጭና ብይ ነው የምልሽ!»

ተቀመጥኩ። ፕላስተሩን በቢላ ቀደድኩ። ዶሮው ገና ትኩስ ነበር፣ ቁሌቱ ጠብ አይልም፣ እንቁላሎቹ መረቁ ውስጥ ተቀብረዋል። አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ አይታው የማታውቀውን ሰውዬ ልብስ እየተኮሰች፣ «ጨው አነሰው እንዴ? ብርበሬውን አበዛሁት እንዴ?» ትላለች። አፌ ሞልቶ መልስ መስጠት አልቻልኩም። መሃል መሃል እየተነሳሁ አጎርሳታለሁ፤ አፏን ብቻ ታዞራለች፣ ካውያውን አታቆምም። ጉርሻ ሲደጋገም ፍቅር ያመጣል ብላ ሦስተኛዋን አስደገመችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የጣመኝ ምግብ የለም።

በመጀመሪያ የመጣችው ትንሿ ልጅ ናት፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አውርዷት። ቦርሳዋን ጥላ የድስቱ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ምንድነው?» አለች፤ አክስቴ አንድ እንቁላል አጥባ ሰጠቻት። ልጅቷ ግማሹን ገምጣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ወተት አስጠጣኋት፣ ከዚያ ሌላ እንቁላል ጠየቀች። ይህን ጨዋታ ይዘን ሳለ ነው የመኪናው ድምፅ የተሰማው። እኔ ተነስቼ የቱን ልደብቅ፣ ድስቱን ነው ሴትዮዋን? ማዳም በሩ ላይ ቆመች።

አክስቴ እጇን ወደ ደረቷ ሰደደችና አንድ ወረቀት መዘዘች፤ ለጉዞዋ የተመረመረችው የኮሮና ውጤት። በሁለት እጇ ከፊቷ ዘርግታ ይዛ፣ ሰላም እንኳ ሳትል «ኔጋቲብ! ማዳም፣ ኔጋቲብ!» አለች። ማዳም ማስኳን እየሳበች ወደ ኋላ አፈገፈገች። አየችን። እኔ አፌ ላይ ወጥ እንደተለቀለቀ ወንበር ላይ። ልጇ በሁለት እጇ እንቁላል ይዛ። የማታውቃት ሴትዮ በካውያ የባሏን ካንዱራ ይዛ። «እዚህ ቤት የምትሠራው ማናት?» አለች በመጨረሻ፣ «አንቺ ነሽ ወይስ እሷ?»

እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደመችኝ። ጥያቄው አልገባትም፣ ግን የሰው ፊት ታነባለች። ጣቷን ወደኔ ቀሰረችና «ሺ፣ ኦፍ» አለች። ከዚያ ደረቷን መታ መታ አደረገችና «ሚ፣ ሹግል።»

ማዳም መልአክ አይደለችም፣ እንደዚያ ብዬ አልጽፍም። ወረቀቱን ከሩቅ አንገቷን አስግጋ አነበበች። «ይቺ ናት ነገ የምትሄደው?» አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ልጇን በክንዷ አነሳቻትና «አንድ ሰዓት» አለች፣ «ከዚያ ሰላጣውን አትርሺ።» በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለችና፣ ለአክስቴ ነው ለካንዱራው አላውቅም፣ ራሷን ነቀነቀች። ያቺን አንድ ሰዓት ሁለታችንም ተቀምጠን በላን፤ ክምሩ አልቆ ነበር።

በሩ ላይ ስሸኛት ድስቱን ልመልስላት ብል እምቢ አለች። «ኪሎዬ ሞልቷል፣ አንች ጋ ይቅር። ደግሞ አታልቅሽ፣ ዓርብ አልቆ እሑድ መጣልሽ፣ ከእንግዲህ በየሳምንቱ ፍስክ ነሽ። የኔን ድርሻ ብይ» አለችኝ። ግንባሬን ሳመችኝ፣ በማስክ ሳይሆን በከንፈሯ። የነጠላዋ ጫፍ ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪጠፋ ቆሜ አየኋት። በቃ፣ ሄደች።

የመጀመሪያውን እሑድ ኦፍ አልወጣሁም። የት ልሂድ? ክፍሌ ውስጥ ተኝቼ ዋልኩ። በሁለተኛው እሑድ ግን ድስቱን በከረጢት ይዤ ብቻዬን አጅማን ሄድኩ፤ የካፌዋ ፈረቃ ላይ ነበረች። በመንገዴ ዶሮ ገዛሁ፣ ቅቤ ገዛሁ፣ ቃሏን ልፈጽም ቆርጬ ነበር። ቁልፉን አዙሬ ገባሁ፣ መጋረጃዋን ገለጥኩ፣ ሽንኩርቱን ከተፍኩ። ስልኬ ሲጮህ አክስቴ ነበረች፣ ከአገር ቤት፤ ከኋላዋ ጨቅላ ልጅ ያለቅሳል። በቪዲዮው ያው ግንባሯና ሰማዩ ነው የሚታየው።

«ኦፍ ነሽ?»

«ኦፍ ነኝ።»

«እሰይ! ምን ሠራሽ ታዲያ?»

ድስቱን አየሁት። «ሽሮ» አልኳት።

«እሑድ ምድር! ያለ ጾሙ! ዶሮ ጠፍቶ ነው?»

«ዶሮማ አለ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

«እጅሽ አሁንም መነኩሴ ነው?»

«አይደለም፣ አውቄ ነው የሠራሁት» አልኳት። «ኦፍ ስል አፌ ላይ የሚመጣው ያንቺ ሽሮ ነው። ናፈቅሽኝ፣ ምን ላድርግ?»

ግንባሯ ከስልኩ ላይ ጠፋ፣ ሰማዩ ብቻ ቀረ። ከዚያ «ባለፈው ዓርብ» አለች፣ ድምፅዋ ሳቅም ልቅሶም ሆኖ፣ «በጠዋት ተነስቼ ጫማዬን አደረግኩ፣ ቦርሳዬን አነሳሁ። ልጄ አራስ ቤት ሆና ወዴት ነሽ እማዬ ብትለኝ፣ ኦፍ ነኝ አልኳት። በር ድረስ ወጥቻለሁ እኮ! ደጁ ላይ ቆሜ አውቶቡሱን ስፈልግ ነው የነቃሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተመልሼ ገብቼ ሽሮ ሠራሁ» አለች። «ለሦስት ሰው የሚበቃ።»